ብሎኑ ገብቷል፣ አጥንቱ ግን አልገጠመም

የመጀመሪያውን ኦፕራሲዮን ሳደርግ ሁሉን ነገር የጣልኩት ሐኪሙ ላይ ነበር። ብሎኑን ያስገባሉ፣ አጥንቱ ይገጥማል፣ በቃ።

የተሰበረው ከትንሿ የእግር ጣቴ ጀርባ ያለው ረጅም አጥንት ነው፣ ሥሩ አካባቢ። ደም እንደልብ የማይደርስበት ቦታ ነው። ይህን ያወቅኩት ግን ዘግይቼ ነው። በ3ኛው ሳምንት ሕመሙ ቀለል ሲለኝ ክራንቹን ጥዬ ቤት ውስጥ መርገጥ ጀመርኩ። ሲጋራዬንም አላቆምኩም። በ4ኛው ወር ራጅ ስነሳ ስንጥቁ እንዳለ ነው። ሲቲ ስካኑም ያንኑ አረጋገጠ።

ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ራጁን ትንሽ አይተው አስቀመጡትና ስለ እኔ ይጠይቁኝ ጀመር። በቀን ስንት ታጨሳለህ? ስኳር አለብህ? ስቴሮይድ ትወስዳለህ? ቁስሉ መግል ይዞ ነበር?

የ3 ወር አማካይ ስኳሬ ደህና ሆነ። ቫይታሚን ዲ ግን 14 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ወጣ፤ ከ20 በታች እጥረት ነው። ኦፕራሲዮን ቀጠሮ የያዛችሁ፣ ይህን ምርመራ ቀድማችሁ ጠይቁ። እጥረቱ ቀድሞ ከታወቀ ማስተካከያ ጊዜ ይገኛል።

ስለ ስኳር የነገሩኝ ከአእምሮዬ አልጠፋም። በደንብ ካልተያዘ ነርቭን ይጎዳል። እግር ሕመም ካልተሰማው ሰው ሳይታወቀው ይረግጣል። እኔ እያመመኝም ረግጫለሁ፤ ሕመም ለማይሰማው ሰው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስቡት።

ትልቁ ትግሌ ግን ከሲጋራው ጋር ነበር። ኒኮቲን ደም ስርን ያጠብባል። የጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ደም የሚሸከመውን ኦክስጅን ይቀንሳል። ድሮም ደም ለሚያጥረው አጥንት ይህ ሲጨመርበት ከየት አምጥቶ ይጠገን? ከሁለተኛው ኦፕራሲዮን 6 ሳምንት በፊት አቆምኩ። የመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት እንቅልፍ አልነበረኝም። ማታ ማታ ወንድሜ እየደወለ ያዋራኝ ነበር፤ ያለ እሱ የምችለው አይመስለኝም።

በሁለተኛው ዙር ወፈር ያለ ብሎን ገባ፤ ከዳሌዬም ትንሽ አጥንት ተወስዶ ስንጥቁ ላይ ተደረገ። ለ6 ሳምንት እግሬን መሬት እንዳላስነካ ታዘዝኩ። በዚህኛው ዙር ተዘጋጅቼ ነበር። አልጋዬን ወደ መታጠቢያ ቤቱ አስጠጋሁ። ወጥ ቤት ባለ ጎማ ወንበር አስገባሁ። ክራንች ሁለቱንም እጅ ስለሚይዝ ውሃና ስልኬን አንገቴ ላይ በማንጠለጥላት ቦርሳ እይዛለሁ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን መጀመሪያ ያስረገጠኝ አንድ ብርጭቆ ውሃ ለማምጣት መነሳቴ ነበር።

በ6ኛው ሳምንት በመከላከያ ጫማ ቀስ እያልኩ ክብደት መጣል ጀመርኩ። በ12ኛው ሳምንት ራጅ ተነሳሁ። ሐኪሙ ስንጥቁ የነበረበትን ቦታ በእስኪርቢቶ ጫፍ አሳዩኝ። ከዳር እስከ ዳር አዲስ አጥንት ሞልቶታል። ወዲያው ለወንድሜ ደወልኩ።