መጨረሻው ስንት ነው?

እራት ላይ «አምስት ጉርሻ ከበላህ ካርቱን ታያለህ» የተባለ የአራት ዓመት ልጅ «ሁለት» ይላል። «እሺ፣ አራት።» «ሦስት!» ሦስት ላይ ይዘጋል። ሁለት ያለው ሁለት ፈልጎ አይደለም። እናቱ ገበያ ላይ ቲማቲም ሻጯን «መጨረሻው ስንት ነው?» ብላ፣ ትታት ሁለት እርምጃ ስትራመድ «ነይ፣ ውሰጂው» ስትባል አይቷል። ቤት ውስጥ ትቶ የሚሄደው እሱ ነው፤ ሳህኑን ገፋ ያደርጋል።

እኔን ክርክሩ አያናድደኝም። አራት ዓመት ገደማ ላይ ልጅ ሌላው ሰው የሚያውቀው እሱ ከሚያውቀው የተለየ መሆኑ ይገባው ጀምሯል፤ አባቱ ዘንድ ሮጦ «እማዬ ፈቅዳልኛለች» ማለት የሚበረታውም በዚሁ ዕድሜ ነው። የሚያናድደኝ የአዋቂው ዋጋ አጠራር ነው። ሦስት ይበቃል ብሎ የሚያስብ ወላጅ ከሦስት ጀምሮ እዚያው ይጽና። ለመውረድ እንዲመቸው ከአምስት ከተነሳ፣ ልጁ የመጀመሪያው ቁጥር ሁሌም ውሸት መሆኑን ይማርና ነገ ከአንድ ይጀምራል። የጉርሻው መጠን ካልታወቀም ወጥ ያልነካ እንጀራ በጣቱ ጫፍ ቆርሶ «አንድ» ብሎ ይቆጥራል። ስለዚህ ጉርሻዎቹ አስቀድመው ተጠቅልለው ሳህኑ ዳር ይደርደሩ። (እውነቱን ለመናገር ምግብን መደራደሪያ ባናደርገው እመርጣለሁ። ጎመን ለመብላት ካርቱን ከተከፈለው፣ ጎመን መጥፎ ነገር መሆኑን እኛው መሰከርንለት።)

«አምስት ደቂቃ ብቻ» ለዚህ ልጅ ትርጉም የለውም። በዓይኑ የሚያየው ምልክት ይፈልጋል፤ የግድግዳ ሰዓቱ ረጅሙ ቆጣሪ 6 ላይ ሲደርስ፣ ወይም ይህ ካርቱን ሲያልቅ። ቡና በሚፈላበት ቤት «ቶናው ሲቀዳ ይዘጋል» ማለት ይሠራል፤ ሰዓት የማያነብ ልጅ አቦልን ከቶና፣ ቶናን ከበረካ ይለያል። እንግዳ ካለ ወሬው ቶናውን ያዘገየዋልና አቦል ላይ ማድረጉ ይሻላል። ቪዲዮው ቀጣዩን በራሱ እንዳይጀምር ማድረግም አይረሳ፤ አዲስ ከተጀመረ በኋላ መዝጋት ጩኸት መጥራት ነው። ማስጠንቀቂያው የመጨረሻው ከመጀመሩ በፊት ይነገረው፤ መዝጊያውን ደግሞ ራሱ ይጫን።

እንግዳን ካነሳሁ አይቀር፣ ልጆች ይሉኝታችንን ከእኛ ቀድመው ያውቁታል። ብቻችንን ሳለን የተከለከለ ከረሜላ እንግዳው ተቀምጦ ስኒ ሲያነሳ በለስላሳ ድምፅ ይጠየቃል። እንግዳው «በሞቴ፣ ስጪው!» ይላል። አለቀ። መፍትሔው እንግዳው በር ሳያንኳኳ ነው፦ ዛሬ ስንት እንደሚሰጠውና መቼ እንደሚሰጠው ለልጁ ቀድሞ ይነገረው። የአያት ቤት ሕግ የተለየ መሆኑ ግን ብዙም አያስጨንቀኝም። ልጆች ቦታ ሲለይ ሕግ እንደሚለይ ይገባቸዋል። የሚያስቸግረው በአንድ ጣሪያ ሥር እናት ሌላ፣ አባት ሌላ ሲሉ ነው። «አባትህ ምን ብሎሃል?» የሚለው ጥያቄ ከመልስ በፊት ይቅደም።

ከአስር ደቂቃ ለቅሶ በኋላ የተሰጠ እሺታ ዋጋው አስር ደቂቃ ለቅሶ ሆኖ ይመዘገባል። አንዳንዴ ብቻ እሺ ማለት ደግሞ የባሰ ነው፤ አልፎ አልፎ የሚከፍል ነገር ሁልጊዜ ከሚከፍለው ይልቅ ለመተው ያስቸግራል። ወላጅ መጽናት ሲጀምር ለቅሶው መጀመሪያ ሊጨምር ይችላል፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈውም እዚህ ጫፍ ላይ ነው። እሺ የሚባል ከሆነ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ይባል።

ሽልማቱን በተመለከተ፣ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት ጥናት ሥዕል የሚወዱ ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆኑ ልጆችን ይመለከታል። ከሳላችሁ የወርቅ ኮከብና ሪባን ያለው ወረቀት ታገኛላችሁ የተባሉት፣ ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ በነፃ ሰዓታቸው የሳሉት ሽልማት ካልነበራቸው ልጆች ግማሽ ያህል ነው። ሽልማቱ በድንገት የተሰጣቸው አልቀነሱም። ስለዚህ በደስታ ስኒ የሚያቀብል ልጅ ለዚያ ከረሜላ አይከፈለው። ክፍያ ለሚጠላው ይቆይ፤ ጥፍር መቁረጥ፣ ፀጉር መታጠብ።

የተባለውም ይከፈል። አሜሪካ ሮቼስተር ውስጥ 28 ትንንሽ ልጆች ላይ በተሠራና እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ሙከራ፣ አስቀድሞ የተሻለ የሥዕል ዕቃ አመጣለሁ ብሎ ባዶ እጁን የመጣ ሰው ያጋጠማቸው ልጆች፣ ከታገሡ ሁለተኛ የሚጨመርላቸውን ጣፋጭ ሳይበሉ የቆዩት በአማካይ 3 ደቂቃ ነበር፤ ቃሉን የጠበቀ ያጋጠማቸው 12 ደቂቃ። «ነገ እገዛልሃለሁ» ርካሽ ቃል አይደለም። ወረቀት ላይ ክብ እየሳሉ ማጠራቀም ለሚወዱ፣ ለአራት ዓመት ልጅ አምስት ክብ ይበቃል፤ ሠላሳ ከሆነ ሳይደርስ ይሰለቻል። አንዴ ያገኘው ክብ በሌላ ጥፋት አይሰረዝበት። ከተሰረዘ የሚያጣው ነገር ስለሌለ ጨዋታውን ይተወዋል።

ድርድር የማይገባቸው ጥቂት ናቸው፦ መንገድ ሲሻገሩ እጅ መያዝ፣ የመኪና ቀበቶ፣ የጋዝ ምድጃ፣ መድኃኒት። እነዚህ ላይ ምላሳችን ያሳጣናል። «እጄን ትይዛለህ፣ እሺ?» ስንል ያቺ «እሺ?» በር ትከፍታለች፤ ልጁም በትክክል «አይ» ብሎ ይመልሳል። «ቀኝ እጄን ወይስ ግራዬን?» ይሻላል።

ማታ የተከለከለውን ጠዋት ቁርስ ላይ፣ ሳያለቅስ፣ ምክንያት ይዞ ካነሳው ሕጉ ሊሻሻል ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ረስቶታል።