የካምቢዮ ዘይታችሁ ማኪያቶ ከመሰለ

ይህን የምጽፈው ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ሳይክል ለምትነዱ የመስክ ሠራተኞች ነው። በተለይ ክረምት ላይ ወንዝ ለምትሻገሩ። እኔ ፎገራ ሜዳ ላይ ስሠራ ቀድሞ ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም። ቢኖር ኖሮ ደመወዜ አይቆረጥም ነበር፤ ደህና የነበረው የፍሪሲዮን (የክላች) ሸራም አይበላሽም ነበር።

ፎገራ ርብና ጉማራ ወደ ጣና የሚወርዱበት ሜዳ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ወንዞቹ ሞልተው ሜዳው ላይ ይፈሳሉ። ማሳው የቱ ጋ አልቆ መንገዱ የቱ ጋ እንደሚጀምር አይለይም። ገበሬው ጋ ለመድረስ ሞተርህን ውኃ ውስጥ ማስገባትህ አይቀርም።

ዲቲ ቱ ስትሮክ ናት። ከቤንዚን ጋር የሚቃጠለው የ2ቲ ዘይት የራሱ ታንክ አለው። ካምቢዮው፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ፣ ደግሞ ሌላ ዘይት አለው፤ ፍሪሲዮኑም እዚያው ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው የሚሠራው። ይቺን ያዙልኝ፤ ከመሥሪያ ቤቴ ጋር የገባሁበት ጭቅጭቅ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

መጀመሪያ ማርሽ መግባት አስቸገረኝ። ፍሪሲዮን ይዤ እንኳ ዜሮ ማግኘት አቃተኝ። የዘይት መሙያውን ክዳን ስከፍት ዘይቱ ማኪያቶ መስሏል። ውኃ ገብቷል ማለት ነው። የኔ ሞተር በአየር የምትቀዘቅዝ ናት፤ ራዲያተር የላትም፤ ስለዚህ ውኃው የመጣው ከውጭ ነው። የእናንተ ራዲያተር ካላት ግን አስቀድማችሁ የውኃ ፓምፑን ሲል (ፈሳሽ እንዳያልፍ የሚይዘውን ጎማ) ጠርጥሩ።

ውኃው እንዴት እንደሚገባ የገባኝ ቆይቶ ነው። ካምቢዮው መተንፈሻ ቱቦ አለው። ስትነዱ ይሞቃል፤ ውስጡ ያለው አየር ይሰፋና በቱቦው ይወጣል። በዚያ ሙቀት ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ስትገቡ አየሩ በአንዴ ይኮማተራል፤ ውጭ ያገኘውን ወደ ውስጥ ይስባል። የቱቦው ጫፍ ውኃ ውስጥ ከሆነ ውኃ ይስባል። በኪክ መምቻው፣ በማርሽ መቀየሪያው ዘንግና ሰንሰለቱን በሚያዞረው ጥርስ በኩል ያሉት ኦይል ሲሎችም ዋና ሥራቸው ዘይት እንዳይወጣ መያዝ ነው። ካረጁ ውኃ አይመልሱም። ላቫጆ ቤት በግፊት ውኃ ማሳጠብም ያው ነው።

የመሥሪያ ቤታችን መካኒክ «ንዳት፣ ሲሞቅ ይተናል» አለኝ። አትስሙ! የቱ ስትሮክ ካምቢዮ ዘይት እንደ ፎር ስትሮክ ሞተር ዘይት አይግልም። ውኃው አይተንም፤ ከዘይቱ ጋር እየተመታ ይዋሃዳል። ሌሊት ስትቆም ኩሽኔታዎቹ ላይ ዝገት ይጀምራል። የሸራውንም ማጣበቂያ ያላላዋል።

ዘይቱ ትንሽ ደብዝዞ ጥርጣሬ ከገባችሁ በጣም የጋለ ብረት ላይ አንድ ጠብታ ጣሉ። ከተንጣጣ ውኃ አለበት። ፊታችሁን አርቁ፤ ይረጫል።

ማፍሰሱ ቀላል ነው። ሞተሩን አሙቁ፣ ከታች ያለውን ቡሎን ፍቱ፣ ሞተሯን ግራና ቀኝ አዘንብሏት፣ ስትዘጉ አዲስ ሮንዴላ አድርጉ።

አዲሱን ዘይት ማግኘቱ ላይ ነው ጉዱ።

የያማሃ መመሪያ ለዚህ ካምቢዮ የሚያዘው 10ደብሊው-30 የሞተር ዘይት ነው። የሞተር ዘይት፣ ካምቢዮ ውስጥ። ይህን ይዤ ንብረት ክፍል ሄድኩ። መጋዘኑ ውስጥ ለመኪኖቹ ዲፈረንሻል የመጣ በርሜል ነበር፤ 80ደብሊው-90፣ ጂኤል-5። የስምሪት ኃላፊው የሰርቪስ ቅጹን አሳዩኝ። «ካምቢዮ፦ 90 ዘይት» ይላል። ለመኪና የተዘጋጀ ቅጽ ነው። «ጋሼ፣ የዚህች ሞተር ፍሪሲዮን ዘይት ውስጥ ነው ያለው፤ ይሄ ያንሸራትተዋል» አልኳቸው። መመሪያውንም ገልጬ አሳየኋቸው። አላዩትም። «አንተ የመስክ ባለሙያ ነህ፤ ዘይቱን ለእኛ ተወው» አሉኝ። በራሴ ብር ገዝቼ ልሙላ ብልም «የመሥሪያ ቤት ንብረት ላይ ከውጭ የመጣ ዘይት አይገባም» ተባልኩ። በሞዴል 22 (በንብረት ወጪ ማድረጊያው ቅጽ) ፈርሜ 90 ዘይት ወሰድኩ። መካኒኩ እያየሁት ሞላው።

ንዴቱ እስከ ዛሬ አለቀቀኝም፤ ምክንያቱም ነገሩ አከራካሪ አልነበረም። ጂኤል-5 የተሠራው ለዲፈረንሻል ነው። እዚያ ጥርሶቹ በከባድ ጫና እየተንሸራተቱ ይፋተጋሉ፤ ስለዚህ ድኝና ፎስፈረስ ያለበት ኬሚካል ይጨመርበታል። ፍሪሲዮን ደግሞ ሥራው መያዝ ነው። ለዲፈረንሻል የተቀመመ ዘይት ሸራው ውስጥ ሲገባ የመያዝ ኃይሉን ይቀንስበታል።

በማግስቱ ጠዋት፣ ብርድ ላይ፣ አንደኛ ማርሽ ሳስገባ ፍሪሲዮን ይዤም ሞተሯ ወደፊት ሸርተት ብላ ጠፋች። ሲሞቅ ደግሞ ተገላቢጦሽ ሆነ። ዳገት ላይ ጋዝ ስሰጣት ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይፈጥንም። ሪፖርት አደረግኩ። «ገመዱን አስተካክል» ተባልኩ። አስተካከልኩ፤ ለውጥ የለም። እንደገና ሪፖርት አደረግኩ፤ በዚያው ንዳት ተባልኩ። ነዳኋት። በመጨረሻ ፍሪሲዮኑ ሲከፈት ሸራው ተቃጥሎ ጠቁሯል፤ ብረቶቹም ሰማያዊ ሆነዋል።

ከዚያ ደብዳቤ መጣ። «በአጠቃቀም ጉድለት የደረሰ ብልሽት» ይላል። የሸራውና የብረቶቹ ዋጋ ከደመወዜ ተቆረጠ። ሞዴል 22ቱን አያይዤ አቤቱታ አስገባሁ፤ ጂኤል-5 ዘይቱን ራሳቸው እንደሰጡኝ ወረቀቱ ይመሰክራል። መልስ አላገኘሁም። ብሩ ብዙ አልነበረም። «አጠቃቀም ጉድለት» የምትለዋ ቃል ግን ማኅደሬ ውስጥ ናት። ያቺ ነች የምታናድደኝ።

ሸራው ከተቀየረ በኋላ ማንንም አልጠየቅኩም፤ ሥራውን እኔ ራሴ ሠራሁት። ርካሽ የሞተር ዘይት ሞላሁ፤ የኋላ ጎማውን ከመሬት አንስቼ ለጥቂት ደቂቃ ሁሉንም ማርሽ አሽከረከርኩና አፈሰስኩ። ንጹሕ እስኪወጣ ደጋገምኩት። በቤንዚን ወይም በናፍጣ እጠቡት የሚሏችሁ አሉ። እኔ አልመክርም፤ ጥጋጥጉ ላይ ይቀርና አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋል።

አሁን የምጠቀመው 10ደብሊው-40 የሞተር ሳይክል ዘይት ነው፤ 4ቲ የሚለውን፣ ጀርባው ላይ ጃሶ (የጃፓን የዘይት ደረጃ) ኤምኤ ወይም ኤምኤ2 የተጻፈበትን። ኤምኤ ማለት ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን ተፈትኗል ማለት ነው። ኤምቢ የሚለውን ተዉት። ነዳጅ ይቆጥባል የሚሉትን ቀጫጭን የመኪና ዘይቶችም ተዉ፤ ማንሸራተቻ ቅመም ሊኖራቸው ይችላል። ውድ ሲንተቲክ አያስፈልግም። ውኃ ከገባ ውዱም ርካሹም እኩል ይደፋል።

ባለሱቆች «90 ወፍራም ነው፣ ማርሹን ይጠብቃል» ይሏችኋል። የካምቢዮ ዘይትና የሞተር ዘይት ቁጥር በአንድ ሚዛን አይለካም። የካምቢዮ 90 ሲሞቅ ውፍረቱ ከሞተር ዘይት 40 ወይም 50 ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ በቁጥሩ አትደንግጡ፣ አትታለሉ። 140 ግን በእርግጥ ወፍራም ነው፤ ዲቲ አጠገብ አታድርሱት።

መተንፈሻውን ቱቦ በረጅም ቱቦ ቀጥዬ ወንበሩ ሥር አወጣሁት፤ ጫፉን ወደ ታች አጠፍኩት። መካኒኩ «በቡሎን እንድፈነው» ብሎኝ ነበር። በፍጹም! ከተደፈነ ግፊቱ ኦይል ሲሎቹን ገፍቶ ያስወጣል። ወንዝ ዳር ስደርስም ሞተሩን አጥፍቼ ትንሽ አቀዘቅዛለሁ። ጥልቅ ውኃ ከተሻገርኩ በማግስቱ ዘይቱን አያለሁ፤ ከደበዘዘ እቀይራለሁ። የሰርቪስ ሠንጠረዡ የሚለውን ኪሎ ሜትር አልጠብቅም። ሠንጠረዡን ያወጣው ሰው ጉማራን በነሐሴ አልተሻገረም።

ዘይቱ ሳይደበዝዝ መጠኑ ብቻ እየቀነሰ ከሄደና ማርሚታው ነጭ ጭስ ካበዛ ግን ችግሩ ሌላ ነው። የክራንኩ ኦይል ሲል ተበልቶ ሞተሩ የካምቢዮ ዘይት እየጠጣ ነው። እሱን በዘይት ቅያሪ አታድኑትም፤ ሲሉን ቀይሩ።

ሞተር ከመሥሪያ ቤት የምትረከቡ ሰዎች፣ ርክክቡ ላይ ካምቢዮው ውስጥ ያለው ዘይት ዓይነቱ ተጽፎ ይፈረምላችሁ። ያልተስማማችሁበትን ዘይት ውሰዱ ከተባላችሁም ተቃውሟችሁን ሞዴል 22ቱ ላይ ከፊርማችሁ በላይ ጻፉ፤ ከዚያም በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።