የቦኔር ሌላኛው ጎን

የካሪቢያኗ ደሴት ቦኔር በባሕር ጠላቂዎች ዘንድ የታወቀችው በምዕራብ ዳርቻዋ ነው። መኪና ትከራያላችሁ፣ የአየር ታንኮቹን ከኋላ ትጭናላችሁ፣ የባሕሩን ዳር ይዛችሁ ትነዳላችሁ። የመጥለቂያ ቦታ ስም የተጻፈበት ቢጫ ድንጋይ ስታዩ ማቆም ነው። ዕቃችሁን ለብሳችሁ በእግራችሁ ትገባላችሁ። ከ80 በላይ የመጥለቂያ ቦታ አላት፤ አብዛኞቹ እዚያው ምዕራቡ ላይና ፊት ለፊቱ ባለችው ትንሽ ደሴት፣ ክላይን ቦኔር ዙሪያ ናቸው። ውሃው ጸጥ ያለ፣ ጥርት ያለ ነው። እኔም እወደዋለሁ።

ዛሬ መጻፍ የፈለግሁት ግን ስለ ምሥራቁ ነው።

ምሥራቁን ሰው የማያዘወትረው በንፋሱ ምክንያት ነው። ንፋሱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ከምሥራቅ ይነፍሳል። ደሴቷ ራሷ ለምዕራቡ ከለላ ትሆንለታለች፤ ምሥራቁ ግን ማዕበሉን በደረቱ ይቀበላል። ስለዚህ እዚያ ቦታ ስትፈልጉ መጀመሪያ የሚታየው ንፋሱ ነው፣ ዓሣው ከዚያ በኋላ ነው። ይሄን የተማርኩት በምኖርበት በኔዘርላንድ ነው። ዜላንድ ውስጥ ኦስተርስኬልደ የሚባል የባሕር ክንድ አለ። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፤ አንዳንድ ቀን እንደ ጠላ ይደፈርሳል። እዚያ የባሕሩን መውጣትና መውረድ ሰዓት ሳያይ የሚገባ የለም። ቦኔር ላይ ውሃው ሞቃት ቢሆንም ልማዱ አልለቀቀኝም።

ከቤት ሳልወጣ የሳተላይት ካርታ ከፈትኩ። በደቡብ ምሥራቅ በኩል ላክ የሚባል ጥልቀት የሌለው ሰፊ የባሕር ወሽመጥ ይታያል፤ 7 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል። አፉ ላይ ማዕበሉ ኮራሉን፣ ማለትም ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሠሩትን ድንጋይ መሰል ግንብ፣ እየመታ የሚሰብርበት ነጭ መስመር አለ። መስመሩ ሰሜኑ ጫፍ፣ ካይ የሚባለው ቦታ ጋ ሲደርስ ይቋረጣል። ጀልባ የሚወጣውና የሚገባው በዚያ ነው።

ካይን በደንብ ልግለጽላችሁ፣ ምክንያቱም ከዳር ሆናችሁ ስታዩት ቀላል ይመስላል። ማዕበሉ ውሃውን በኮራሉ ላይ እያሻገረ ወደ ወሽመጡ ይገፋል። የገባው ውሃ መውጫ ይፈልጋል፤ መውጫው ደግሞ ያ ጠባብ በር ነው። ስለዚህ በሩ ላይ ውሃው ወደ ውጭ ይስባል። ጠላቂ ሳይለፋ ይወጣል፤ ለመመለስ ግን ፍሰቱን ፊት ለፊት ይታገላል። የታንኩ አየር የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው። ቦታውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ካልሆነ ከዳር አትግቡ።

እኛ የሄድነው በትንሽ የጎማ ጀልባ ነው። ካፒቴኑ ጠና ያሉ የአገሩ ሰው ናቸው። በመጀመሪያው ጠዋት ባሕሩን ረጋ ብለው አዩና «ዛሬ አይሆንም» አሉን። ገንዘብ ሊያገኙበት የሚችሉትን ቀን እንዲህ ሲተዉት ሳይ ሙሉ በሙሉ አመንኳቸው። በማግስቱ ንፋሱ ትንሽ በረድ ሲል ወሰዱን።

ከታች ያለው ዓለም ከምዕራቡ ይለያል። ምዕራቡ ላይ ኮራሉ ከዳር ሳይርቅ ቁልቁል ይወርዳል። እዚህ ግን መጀመሪያ ጥልቀት የሌለው ሰፊ ሜዳ አለ፤ ለስላሳዎቹ ኮራሎች ከሞገዱ ጋር ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛሉ። እናንተም አብራችሁ ትወዛወዛላችሁ። መታገል አያስፈልግም። ዋይት ሆል የሚሉት በኮራል የተከበበ የአሸዋ ጉድጓድ አለ። እዚያ ከሜትር በላይ የሚረዝሙ ታርፖን የሚባሉ ብርማ ዓሦች ተሰብስበው ቆመዋል። ኤሊዎቹ ብዙ ናቸው። አረንጓዴው የባሕር ኤሊ ላክ ውስጥ ያለውን የባሕር ሣር ስለሚግጥ አካባቢው ቀለቡ ነው። አንዲት ኢግል ሬይ የምትባል ጠፍጣፋ ዓሣ ክንፏን እያርገበገበች በአጠገባችን ስታልፍ እጄ ደረቴ ላይ ቀረ። ለዚህ ስል ዓመት ሙሉ ብጠብቅ አይቆጨኝም።

ስለ ጥንቃቄ ደግሞ አጥብቄ የምለው አለኝ። በደሴቷ ዙሪያ ያለው ባሕር እስከ 60 ሜትር ጥልቀት ድረስ ከ1979 ጀምሮ ፓርክ ነው። ኮራል መንካት ክልክል ነው፤ ጓንት ማድረግም አይፈቀድም። የተፈጥሮ ጥበቃ ክፍያ አለ፤ በደስታ ክፈሉት። በ2023 ደግሞ ድንጋያማ ኮራሎችን የሚገድል በሽታ ቦኔር ገብቷል። ዘመናት ቆሞ የኖረን ኮራል በሳምንታት ውስጥ ነጭ አጥንት ያደርገዋል። ይህ በጣም ያመኛል። ስለዚህ ምዕራቡ ላይ ጠልቃችሁ ወደ ምሥራቅ ከመሻገራችሁ በፊት ዕቃችሁን በፀረ ጀርም እጠቡ፣ አድርቁ። ሰው ያልበዛበት ቦታ ነውና በሽታውን ይዘንበት የምንሄደው እኛ እንዳንሆን።

ለመሄድ ካሰባችሁ ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ያለው ጊዜ ይሻላል፤ ንፋሱ አንዳንዴ የሚላላው ያኔ ነው። ፕሮግራማችሁን በአንድ ቀን አትወስኑት፤ ምሥራቁን የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ አድርጉት፣ ካልተሳካ ሌላ ቀን እንዲተርፋችሁ። እኔ ቀጥሎ ማየት የምፈልገው ወደ ሰሜን ከፍ ብሎ፣ የስፔሎንክ መብራት ቤት ያለበትን ዳርቻ ነው። ካፒቴኑን ስጠይቃቸው ለዚያ ንፋሱ ጭራሽ መቆም አለበት ብለውኛል። ቁጥራቸውን ይዣለሁ፤ ትንበያውንም ከአሁኑ እያየሁ ነው።