የልጆች መጫወቻ ጥግ በሳሎን ውስጥ

ትናንሽ ልጆች ያሏቸው ወዳጆቼ ስለ መጫወቻ ቦታ ሲያነሡ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳስባቸው ትርፍ ክፍል ማጣታቸው ነው። እኔ ግን ትርፍ ክፍል ቢገኝም እንኳ ዕድሜያቸው ከአራት ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች የመጫወቻው ቦታ አዋቂዎች በሚውሉበት ክፍል ውስጥ ቢሆን እመርጣለሁ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ጥቂት ይጫወትና ቀና ብሎ ወላጁ መኖሩን አይቶ ወደ ጨዋታው ይመለሳል፤ ብቻውን ራቅ ያለ ክፍል ውስጥ ብናስቀምጠው መጫወቻዎቹን አንድ በአንድ ተሸክሞ እኛ ወዳለንበት ማምጣቱ አይቀርም፣ የተደከመበት ክፍልም ውሎ አድሮ የዕቃ ማከማቻ ይሆናል።

ስፋቱ ብዙ ሊያስጨንቅ አይገባም። አንድ ምንጣፍ የሚዘረጋበት፣ አዋቂ ሰውም ከልጁ ጎን ቁጭ ሊልበት የሚችል ጥግ ይበቃል። ሰው የሚተላለፍበት እንዳይሆን ብቻ መጠንቀቅ ነው፤ ልጁ በስንት ትዕግሥት የደረደረውን የአላፊ አግዳሚ እግር ሲያፈርስበት ጨዋታውም ቀኑም ይበላሻል።

ጥጉ ከተመረጠ በኋላ ዕቃ ከመግዛት በፊት ወለሉ ላይ በእንብርክክ ሆኖ ዙሪያውን ማየት ያስፈልጋል። ቆመን ያላየነው ሶኬት፣ ከሶፋ ሥር የተንከባለለ ሳንቲም፣ አንገት ላይ ሊጠመጠም የሚችል የመጋረጃ ገመድ ከዚያ ከፍታ ላይ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። መደርደሪያ አጭርም ቢሆን ግድግዳው ላይ በብሎን መታሰር አለበት፤ ልጆች እንደ መሰላል ሊወጡበት ይሞክራሉና።

ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚሠሩ መጫወቻዎች በአንዳንድ አገሮች የሚፈተሹት ወርዱ 3.17 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ጠባብ ቱቦ መሰል መለኪያ ሲሆን፣ በውስጡ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ዕቃ የመታነቅ አደጋ አለው ተብሎ ይያዛል። በቤት ውስጥ ያለቀ የሶፍት ጥቅል ካርቶን ከዚህ መለኪያ ትንሽ ሰፋ ስለሚል በእርሱ ውስጥ የሚያልፈውን ሁሉ ማራቅ ጥሩ ልማድ ነው። ከሁሉም በላይ የምፈራው ግን ክብ፣ ጠፍጣፋና አብረቅራቂ የሆነችውን ትንሽ ባትሪ ነው፤ ጉሮሮ ውስጥ ከተቀረቀረች በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ልታደርስ ትችላለች። ድምፅ ወይም መብራት ያለው መጫወቻ ሁሉ የባትሪ ክዳኑ በብሎን መዘጋቱን ሳላይ ወደ ጥጉ አላስገባም።

ትልቅ የመጫወቻ ሣጥን አልወድም። ልጁ ከታች ያለውን ለማግኘት ሁሉንም ይገለብጠዋል፣ ከገለበጠው በኋላም የፈለገውን ይረሳዋል። ጣሊያናዊቷ ሐኪምና የትምህርት ባለሙያ ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ በከፈተችው «የሕፃናት ቤት» የተባለ ትምህርት ቤት ወንበሩም መደርደሪያውም በልጆች ቁመት ልክ እንዲሆን ማድረጓ ለቤትም የሚሠራ ነው፤ ልጁ ያለውን በዓይኑ አይቶ ይመርጣል፣ ከጨረሰም መልሶ የሚያስቀምጥበትን ያውቀዋል። እዚያ መደርደሪያ ላይ ደግሞ ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት 36 ሕፃናትን አንድ ጊዜ በ4፣ ሌላ ጊዜ በ16 መጫወቻዎች ሲያጫውት፣ መጫወቻው 4 ብቻ በሆነ ጊዜ በእያንዳንዱ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቆይተው በተለያየ መንገድ ሲጫወቱበት ተመልክቷል። የቀረውን ከዓይን ሰውሮ ፍላጎታቸው ሲቀዘቅዝ መቀያየር ነው፤ ለጥቂት ሳምንታት የተደበቀ መጫወቻ ተመልሶ ሲወጣ እንደ አዲስ ይቆጠራል።

ምርጫዬ አንድ ነገር ብቻ የማይሠሩ ዕቃዎች ናቸው። ልጄ በእንጨት ብሎኮች ላይ ጎድጓዳ ሳህን ደፍታ «ተኝቷል» ካለችኝ በኋላ ሳህኑን ቀስ ብላ አንሥታ፣ አንዷን ብሎክ በጣቷ ዳብሳ መልሳ ስትከድነው አይቻለሁ፤ ቁልፍ ሲጫኑት የሚዘፍነው መጫወቻ ግን በዚያው ጊዜ አጠገቧ ተጋድሞ ነበር። ስለ ግድግዳ ቀለም ብዙ አልልም፤ ደስ የሚያሰኘው ወላጆችን ነው።

በቤቱ ውስጥ ታላቅ ልጅ ካለ ግን አንድ ጥግ ለሁለቱም አይበቃም። የታላቁ ጥቃቅን መገጣጠሚያዎች ለታናሹ አደጋ ስለሆኑ፣ ታናሹ ሊደርስበት የማይችል ጠረጴዛ ለታላቁ መስጠትና ወለሉን ለታናሹ መተው ሁለቱንም ከጠብ ያድናል።