የእናቴ ቅልጥምና የዘይት ጠርሙሶቼ

እማዬ ከአልጋ ስትወርድ ቅልጥሟን ከጠርዙ ጋር አጋጨችው። ቆዳዋ እንደ ስስ ወረቀት ተገሸለጠ። የ80 ዓመት ሰው ቆዳ በምን ያህል ትንሽ ነገር እንደሚላጥ የሚያውቀው ያስታመመ ሰው ነው። ደሙ ቶሎ ቆመ፤ እኔም ያለኝን ይዤ ሮጥኩ። ያለኝ ደግሞ ዘይት ነው። የወይራ፣ የኮኮናት፣ የጥቁር አዝሙድ፣ የጉሎ፤ ለዓመታት ስሰበስብ፣ ስቀባ፣ ለሰውም ስመክር ኖሬአለሁ።

ከሁሉም «ባክቴሪያ ይገድላል» የሚባለውን ቲ ትሪ የተባለ ከዛፍ ቅጠል የሚወጣ ዘይት መረጥኩ። ሳላቀጥነው በጥጥ ነክሬ በቀላው ስጋ ላይ አሳረፍኩት። እማዬ አልጮኸችም። ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ክንዴን ጨመቀችው። ያ አያያዟ እስከ ዛሬ አይለቀኝም። በማግስቱ የቁስሉ ዙሪያ ቀልቶ፣ ውኃ የቋጠሩ ጥቃቅን እብጠቶች አውጥቶ አገኘሁት።

ቁስሏን የምታጥብላት ሲስተር ጠርሙሱን ተቀብላ አሸተተችው። «መቼ ነው የከፈትሽው?» አለችኝ። ሁለት ዓመት አልፎታል። ቲ ትሪ አየርና ብርሃን ሲነካው ይለወጣል፤ ቆዳን ይበልጥ የሚያስቆጣውም የተለወጠው ነው። ደግሞም ተጨምቆ የሚወጣ የፍሬ ዘይትና በእንፋሎት ከቅጠል የሚወጣ ኢሴንሻል ኦይል ስማቸው እንጂ ጠባያቸው አንድ አይደለም። ሁለተኛው እጅግ የጠነከረ ነው፤ ባክቴሪያውን የሚያጠፋበት ኃይል አዲስ የሚበቅለውን ስጋም አይምርም። በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ተህዋሲያን መግደልና የሰው ቁስል ማዳን ለየቅል ናቸው። ይህን ሳላውቅ ስንቱን መክሬ ይሆን?

ሲስተሯ የተገሸለጠውን ቆዳ በኖርማል ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውኃ) አርጥባ ቀስ ብላ ወደ ቦታው መለሰችው፤ ቫዝሊን የተነከረ ጎዝ አልብሳ በፋሻ አሰረችው። እኔ ቁስል አየር አግኝቶ ሲደርቅ የሚሽር ይመስለኝ ነበር። ተመራማሪው ጆርጅ ዊንተር ግን እ.ኤ.አ. በ1962 በአሳማዎች ላይ ባደረገው ሙከራ ተሸፍኖ እርጥበቱን የጠበቀ ቁስል ደርቆ ቅርፊት ከያዘው በእጥፍ ገደማ ፈጥኖ ቆዳ እንደሚያለብስ አሳይቷል።

ታዲያ ዘይቶቼን ጣልኳቸው? የለም፣ ቦታቸውን ነው ያገኘሁላቸው። ከፋሻው ውጭ ያለው ቆዳ ደርቆ እየተሰነጣጠቀ ያሳክካት ነበር፤ እሷም ስታክ ሌላ ቁስል ልትከፍት ነው። እዚያ ላይ የሱፍ አበባ ዘይት ቀባሁ። የወይራውን የተውኩት በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ አንድ ጥናት የወይራ ዘይት ደጋግመው የተቀቡ አዋቂዎች የላይኛው ቆዳቸው እንደተጎዳ፣ የሱፍ አበባው ግን እንዳልጎዳ አሳይቷል። በሱፍ አበባ ዘይት ውስጥ ሊኖሌይክ አሲድ የሚባል የስብ ዓይነት ይበዛል፤ ቆዳ ውኃውን ይዞ የሚያቆይበትን አጥር የሚሠራው በእሱ ነው። ወይራው ላይ የሚያመዝነው ኦሌይክ አሲድ ደግሞ ያንን አጥር ያላላል።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ፤ ቃጠሎ ላይ ዘይት አታፍሱ። ዘይት ሙቀቱን አፍኖ ያቆየዋል። ወዲያው ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ አብርዱት። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ላይ ቁስል ሲያወጣም በቤት ዘይት ቀን አትግፉ፤ ሕመሙ ስለማይሰማው እያመረቀዘ እንኳ ደህና ነኝ ይላችኋል።

የእማዬ ቁስል በ7ኛው ሳምንት ጠገገ። ጠባሳ የቀድሞውን ቆዳ ጥንካሬ መልሶ አያገኝም፣ ቢበዛ 80 በመቶ ያህሉን ነው፤ ስለዚህ ወፍራም ካልሲ አለብሳታለሁ። ማታ ማታ እግሯን ጭኔ ላይ ትዘረጋልኛለች። ሁለት ጠብታ የሱፍ አበባ ዘይት መዳፌ ላይ አሙቄ ሐምራዊውን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ በአውራ ጣቴ በዝግታ አሸዋለሁ። ሲያሳክካት በጣቷ ትጠቁመኛለች፤ «እዚች ጋ፣ ልጄ።»