ለሞቃት አየር የሚሆን ሣር፦ መጀመሪያ ፀሐዩን ቁጠሩ

ሣር ከመምረጣችሁ በፊት ቦታው በቀን ለስንት ሰዓት ፀሐይ እንደሚያገኝ ቁጠሩ። ከ6 ሰዓታት በላይ ካገኘ ሰርዶን የሚያህል የለም፤ ቤርሙዳ የሚባለውም እሱው ነው። ሙቀትም ርግጫም ይችላል፣ ጥላ ግን አይችልም፤ ዛፍ ሥር እየሳሳ ሄዶ አፈሩ ይገለጣል። ከፊል ጥላ ላለበት ቅጠለ ሰፊው ሴንት ኦገስቲን ይሻላል፤ እሱን በዘር ሳይሆን በቁራጭ ትከሉት። ዞይዢያ ጥቅጥቅ ብሎ ያምራል፣ መሬቱን እስኪሸፍን ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

ብዙ ሣር የሚበላሸው በአጨዳ ነው። ሰርዶን ከ2.5 እስከ 4፣ ሴንት ኦገስቲንን ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ እጨዱ፤ በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ከሲሶ በላይ አትቁረጡ። ሴንት ኦገስቲንን እንደ ሰርዶ መላጨት በደል ነው፤ ሳስቶ ለአረም ቦታ ይለቃል። በማግሥቱ ጎንበስ ብላችሁ የቅጠሉን ጫፍ እዩ፦ ተበጣጥሶ ከነጣ የማጨጃው ስለት ደንዝዟል።

በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማጠጣት ሥሩን ከላይ ያስቀረዋል። በሳምንት 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውኃ፣ በአንድ ወይም በሁለት ጊዜ፣ ማለዳ አጠጡ፤ ለመለካት ባዶ ጣሳ ሣሩ ላይ አስቀምጡ። ማታ ካጠጣችሁት እርጥብ ያድርና ፈንገስ ይይዘዋል። የረገጣችሁት ቶሎ ካልተነሣ ሣሩ ጠምቶታል።