ሊሞት ለተፈረደበት ጀግና የመትረፊያ ቀዳዳ

በአርፒጂ ጌም (ተጫዋቹ የአንድን ገጸ ባሕርይ ሚና ይዞ ታሪኩን በምርጫው በሚመራበት ጌም) ጀግናው እንደሚሞት ከታወቀ በኋላ የመትረፍ ተስፋ ይሰጠው? ይሰጠው እላለሁ። ግን ዋጋ ያስከፍለው፤ ዋጋውንም ተጫዋቹ ከመምረጡ በፊት ይወቀው። ስም አውጥተንለት፣ መልኩን መርጠንለት 40 ሰዓት አብረነው የከረምነውን ሰው ደራሲው ብቻውን ሊቀብረው አይገባም።

ይህን አሳምሮ የሠራው እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ድራገን ኤጅ ኦሪጂንስ ነው። አርችዲመን የሚባለውን ዋናውን አውሬ የሚገድል ግሬይ ዋርደን (ጀግናችን ያለበት የተዋጊዎች ማኅበር አባል) አብሮት ይሞታል። ይህንን የምንሰማው በመጨረሻው ጦርነት ዋዜማ ሲሆን፣ ወዲያው ወደ ክፍላችን ስንገባ የጉዞ ጓደኛችን ጠንቋይዋ ሞሪጋን ቆማ ትጠብቀናለች። ከአንድ ዋርደን ልጅ ትፀንሳለች፣ የአውሬው ነፍስ ወደ ፅንሱ ይገባል፣ ዋርደኑም ይተርፋል። ያ ልጅ ነገ ምን ይዞ እንደሚመጣ ግን የሚነግረን የለም። እምቢ ካልናት ጥላን ትሄዳለች። በሩም ዋጋውም ፊት ለፊት ነው።

በ2008 የወጣው ፎልአውት 3 የዚህ ተቃራኒ ነበር። መጨረሻ ላይ ጨረር ወደሞላበት ክፍል የሚገባ ሰው ያስፈልጋል፤ ጨረር የማይጎዳው ጓዳችን ፎክስ አጠገባችን ቆሞ እያለ «ይህ ያንተ ዕጣ ነው» ብሎ እምቢ ይላል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ማለት ይሄ ነው። የጀግናው ሞት ከታሪኩ ሳይሆን ከደራሲው ግትርነት የመጣ መሰለ። በ2009 ብሮክን ስቲል በተባለው የጌሙ ተጨማሪ ክፍል አስተካከሉት።

ማስ ኢፌክት 3 (2012) ላይ ጀግናው ሼፓርድ ከፍርስራሽ ሥር አንዴ ትንፋሽ ይስባል፤ ከዚያ ጨለማ። ትዕይንቱ ድንቅ ነው። ችግሩ ትዕይንቱ የሚከፈተው በተጠራቀመ የጦር ኃይል ነጥብ መሆኑ ነው። የነጥቡ ማባዣ ከ50 በመቶ ይነሳና በዋናነት በኦንላይን ጨዋታ ያድግ ነበር። ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት የሐዋሳ ልጅ የጀግናው ሕይወት በኢንተርኔቱ ፍጥነት ተወሰነ ማለት ነው። ሰው በነጥብ አይትረፍ!

እስቲ ታሪኩን ሐዋሳ ላይ እናድርገው። ጀግናው አሳ አስጋሪ ነው፤ ታናሽ ወንድሙን ይዞ ሐይቁ መሃል ሳለ ማዕበል ጀልባውን ይገለብጣል። ያላቸው ባዶ የ5 ሊትር የዘይት ጄሪካን ነው። ክዳኑ ከጠበቀ ወደ 5 ኪሎ ያነሳል፤ የአንድ ሰው ጭንቅላት ከውሃ በላይ ለማቆየት ይበቃል፣ ለሁለት አይበቃም። ጀግናው ለወንድሙ ይሰጣል። እዚህ ላይ ብናቆም ሞት ብቻ ነው። ግን መረቡ ላይ ተንሳፋፊዎች የታሰሩበት ገመድ አለ፤ በቢላ ከቆረጠው ይይዘዋል፣ መረቡ ግን ይሰምጣል። መረቡ በብድር የተገዛ የቤተሰቡ እንጀራ ነው።

ጠዋት በሐዋሳው የዓሣ ገበያ አሞራ ገደል ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ተደርድረው፣ ወንድሙ ዳር ቆሞ፣ ውሃው ገመዱን ብቻ ይዞ ይመጣል። የተበጠሰ ገመድ ጫፉ ይተረተራል፤ በቢላ የተቆረጠ ግን እኩል ነው። ወንድሙ ጫፉን በጣቱ ይዳስሳል። እኩል ነው። ጀግናው ቆርጦታል፤ ተርፎ ይሆናል ማለት ነው። ትዕይንቱ እዚያ ይዘጋ። ይህ እንዲሠራ የሁለቱ ጫፍ ልዩነት ቀደም ብሎ፣ መረብ ሲጠገን በሚታይበት ምዕራፍ፣ በአንድ ሽማግሌ አፍ መነገር አለበት። ካልተነገረ ማንም አይገባውም። ሁለቴ ከተነገረ ደግሞ ተጫዋቹ ቀድሞ ይነቃበታል።

የታሪክ ሰው ከሆነ ነገሩ ይለያል። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ያለቀውን ቴዎድሮስን በጌም አላተርፈውም፤ ተስፋው ለልጁ ለዓለማየሁ ወይም አጠገቡ ላለ የፈጠራ ሰው ይሰጥ።

በሬንፓይ (በጽሑፍና በሥዕል የሚነገሩ ጌሞች መሥሪያ ሶፍትዌር) ለምትሠሩ፦ ነጥብ አትቁጠሩ። «ቢላ ይዟል» እና «መረቡን ቆርጧል» የሚሉ፣ መልሳቸው እውነት ወይም ሐሰት የሆነ ሁለት ነገሮች ይበቃሉ። ፊደላችን አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ እንዳይወጣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን የፊደል ፎንት ጌሙ ፎልደር ውስጥ ጨምራችሁ የጽሑፉ ፎንት አድርጉት። ማዕበሉ ሊነሳ ሲል ደግሞ ጌሙ ራሱ ሴቭ ያድርግ፤ መብራት የሚሄደው ልክ ያኔ ሊሆን ይችላል።